ሞተር ሳያጠፋ ሰላም የሚል ሰው

ስለ ባለጌ ሹፌር የሚያወራ ሰው ሁልጊዜ የሚያወራው ስለ ሌላ አገር ሹፌር ነው። የአዲስ አበባው የናዝሬቱን ያማል፤ የናዝሬቱ የድሬዳዋውን ይረግማል፤ የአርባ ምንጩ ደግሞ ኮንሶ ዳገት ላይ ያጋጠመውን የጭነት መኪና ባነሳ ቁጥር ፊቱ ይቀላል። የገዛ አገሩን ሹፌር የሚያማ ሰው እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። የገዛ አገር ሹፌር አይባልግም፤ ቸኩሎ ነው።

ከተሜ ባለጌ፣ ባላገር ጨዋ ነው የሚለውን ወሬም አልወደውም። ይህን የሚሉት ብዙውን ጊዜ ባላገር ቤት አድረው የማያውቁ ከተሜዎች ናቸው። እኔ የማምነው ሌላ ነው። ብልግና ለሁሉም አገር እኩል ተከፋፍሏል፤ የሚለያየው የተቀመጠበት ቦታ ነው። አንዱ አገር ለልጁ ጨዋነት ብሎ ያስተማረውን ሌላው አገር ነውር ብሎ ይዞታል። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚመላለሰው ሹፌር ደግሞ ነውረኛ መሆኑን ከሁሉም ሰው በኋላ ነው የሚሰማው።

አዲስ አበባን እንውሰድ። በደርግ ዘመን፣ ውይይት የምንላቸው ታክሲዎች ሰውን እንደ ጆንያ ደርድረው በሚሮጡበት ጊዜ፣ ብልግና ማለት የሰው ቦታ መውሰድ ነበር። አንዱ መታጠፊያው ላይ አፍንጫውን ካስገባ ሌላው ጎኑን ያስገባል። ክላክስ ይነፋል፣ እናት ትሰደባለች፣ መብራቱ አረንጓዴ ይሆናል፣ ጉዳዩ ይዘጋል። ተቀይሞ የሚያድር የለም። ከአርባ ምንጭ ወደ ጂንካ በሚወስደው መንገድ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ጭኖ ሽቅብ እያቃሰተ ለሚመጣ መኪና ቁልቁል የሚወርደው ጥግ ይዞ መቆም አለበት። ያልቆመ እንደሆነ እሱ ወይጦ ወንዝ ሳይደርስ ስሙ ቀድሞት ይደርሳል።

በእኛ በጂንካ ይህ ሁሉ አልነበረም። መኪናው ጥቂት ስለሆነ የሚወሰድ ቦታም፣ የሚከለከል መንገድም አልነበረንም። ስለዚህ ብልግናችንን ከሌላ ነገር መሥራት ነበረብን፤ ከሰላምታ ሠራነው።

ሰውን አልፎ መሄድ አይቻልም ነበር። ሁለት ሹፌሮች ከተገናኙ መንገዱ መሀል መስኮት ለመስኮት ገጥመው ይቆማሉ። የሚጠየቀው ብዙ ነው፤ ልጆቹ፣ ከብቶቹ፣ ዝናቡ፣ የወይጦ ወንዝ ጎድሎ እንደሆነ፣ አማትየው ከወገብ ሕመሟ ተሽሏት እንደሆነ። ከኋላ ሌላ መኪና ከመጣ ክላክስ አይነፋም። ሹፌሩ ሞተሩን ያጠፋል፣ ይወርዳል፣ መስኮቱን ተደግፎ ወሬው ውስጥ ይገባል። አንድ ቀን ገበያው አጠገብ አራት መኪና ተደርድሮ አይቼ አደጋ የደረሰ መስሎኝ ሮጬ ሄድኩ። አደጋ አልነበረም። የከተማው መኪና በሙሉ ማለት ይቻላል ተሰብስቦ ስለ አንዲት የጠፋች ላም ይመክር ነበር። እግረኛው በዳር በዳር ሾልኮ ያልፋል፤ አህያ የሚነዳውም እንዲሁ። ይህ ለእነሱ ብልግና አይደለም ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ ነው እላለሁ። ግን ያኔ የጠየቀ አልነበረም።

ክላክስን በተመለከተ ባለጌያችን አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም አውሮፕላኑ። የሚያርፈው ከተማው መሀል ባለው ሜዳ ላይ ነው። ሜዳው ሣር ነው፤ ሣሩ ደግሞ የከብት ነው። አብራሪው መጀመሪያ ዝቅ ብሎ እያጓራ ያልፋል፤ ከብቶቹ ይበተናሉ፤ ከዚያ ዞሮ ይመጣና ያርፋል። ሽማግሌዎቻችን ይህን ይቅር አላሉትም። «ከሰማይ የመጣ እንግዳ ቀስ ብሎ ቢመጣ ምን ነበረበት?» ይሉ ነበር።

በሰባዎቹ አጋማሽ አንድ ሹፌር ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣው ወደዚህች ከተማ ነው።

እኔ ያን ጊዜ ጂንካ ውስጥ በአንድ የእርሻ መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። የተወለድኩት እዚያው ነው፤ አያቶቼ ከሰሜን መጥተው የቀሩ ናቸው። ለእኛው መሥሪያ ቤት የተመደበው ሹፌር በዕድሜ ትንሽ ይበልጠኛል። መርካቶ ዙሪያ ውይይት ሲነዳ የኖረ፣ ቀጭን፣ ጨዋታ አዋቂ፣ አቧራ ለብሶ እንደሚመለስ እያወቀ እንኳ ሸሚዙን ሳይተኩስ ከቤት የማይወጣ ሰው ነበር። የተሰጠችው መኪና ላንድሮቨር ናት። ሁሉ ነገሯ ደህና ነበር፤ ሞተሪኖዋ ብቻ ሞቷል። ቁልፉ ሲዞር አንዲት «ጠቅ» ትልና ዝም ትላለች። ስለዚህ አንዴ ከጠፋች የምትነሳው ተገፍታ ነው። መለዋወጫው ከዋናው መሥሪያ ቤት ተጠይቆ «በፕሮሰስ ላይ ነው» ተብለናል። በፕሮሰስ ላይ ያለ ነገር ምን እንደሚመስል የመንግሥት ሥራ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል።

ሹፌሩ መላ ነበረው። ጠዋት ዘበኞቹ ገፍተው ያስነሱለታል። ለረጅም ጊዜ የሚቆም ከሆነ ዳገት ፈልጎ አፍንጫዋን ቁልቁል አድርጎ ያቆማታል። ለአጭር ጊዜ ከሆነ ደግሞ አያጠፋትም። እሱ ዳቦ ሲገዛ እሷ በሩ ላይ ትንተከተካለች፤ እሱ ጫማ ሲያስጠርግ እሷ ትንተከተካለች። ነዳጅ በኩፖን በነበረበት ዘመን የሒሳብ ክፍላችን ሹም መኪናዋ መስኮቱ ሥር በተንተከተከች ቁጥር ልቡ አብሮ ይንተከተክ ነበር።

የመጀመሪያውን ፊልድ አብረን የወጣነው ወደ አርቦሬ ነው። መንደሩ ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን መንገዱን ከብት ሞላው። ሹፌሩ እንደለመደው ክላክሱን ነፋ። ከብቶቹ ቀና አሉ። ባለቤታቸውም ቀና አለ፤ ረጅም፣ ጎልማሳ ሰውዬ ነው። ወደ ዳር ያወጣቸዋል ብለን ስንጠብቅ በእጁ የያዛትን ትንሽ የእንጨት መቀመጫ መንገዱ መሀል አስቀምጦ ተቀመጠባት። ሹፌሩ ደገመ። ሰውዬው ትምባሆውን አወጣ።

ወርጄ ሄድኩ። «ምን ሆንክ ወንድሜ?»

«ምንም» አለ። አማርኛውን ዲመካ ገበያ ነው የተማረው። «መኪናው እየጮኸ ነው። ጮኾ ይጨርስ፤ ከዚያ እንነጋገራለን።»

«ለከብቶቹ እኮ ነው የጮኸው። ላንተ አይደለም።»

በአገጩ አንድ ቀይ በሬ አሳየኝ፤ ቀንዱ አምሮ የተጠማዘዘ። «ያ እኔ ነኝ» አለኝ። በእነሱ አገር ሰው በሚወደው በሬ ስም ይጠራል።

ተመልሼ ለሹፌሩ ነገርኩት። «በሬው እኔ ነኝ ነው የሚለው።»

«እንግዲያው በሬውን ይቅርታ ጠይቅልኝ።»

«የጮኽከው አንተ፣ ይቅርታ የምጠይቀው እኔ? ራስህ ውረድ።»

ወረደ። የተተኮሰ ሸሚዙን አስተካክሎ በሬው ፊት ቆመ፤ የመርካቶ ልጅ ነውና አንገቱን ሰበር አድርጎ «ጌታዬ፣ አላወቅሁህም» አለው። ሰውዬው ቃሉን ይረዳው አይረዳው እንጃ፤ አንገቱ መሰበሩን ግን አየ። ተነሳ፣ መቀመጫውን ብብቱ ሥር ከተተ፣ በምላሱ አንድ ድምፅ አሰማ፣ መንገዱ ተከፈተልን።

ሹፌሩ ከዚያ ቀን ጀምሮ ክላክስ ነክቶ አያውቅም። ኦሞራቴ ስንሄድ ደግሞ አሸዋ ውስጥ የገባ መኪና አይቶ ያለፈ ሰው ኦሞ ወንዝ ዳር ውሃ እንኳ የሚያቀብለው እንደማያገኝ ተማረ። ጂንካ ውስጥም ለሰው ሁሉ መቆም ጀመረ። እግረኛ ካየ ያዘገማል፣ ይቆማል፣ እጁን በመስኮት ይሰዳል፣ «እንደምን ዋሉ፣ ይግቡ ልሸኝዎ» ይላል። በአዲስ አበባ ሚዛን ቅዱስ ሆነ ማለት ነው። «አሁን የአገራችሁን ጠባይ ጨረስኩት» አለኝ አንድ ቀን። ጠባይ የሚያልቅ ነገር መስሎት ነበር።

በዚህ መሀል አንዲት ነርስ ወደደ። ነርሷ ጤና ጣቢያ ነበር የምትሠራው። መኪና ስላልነበራቸው የክትባቱን ሳጥን ወደ ገጠር የምናደርስላቸው እኛ ነበርን። ሳጥኑ ቀስ እያለ ብዙ መመላለስ የሚፈልግ ሳጥን ሆነ። ልጅቷ ደግሞ ነገር የማታበዛ ሰው ነበረች። ሹፌሩ እንደነገረኝ አሳቡን ሲገልጽላት እንዲህ አለችው፦ «እኔም እወድሃለሁ። ግን ያለ አባቴ ምርቃት ከቤት አልወጣም። እሱ እምቢ ካለ እኔም እምቢ ነኝ። ሽማግሌ የምትልክ ከሆነ ላክ፤ ካልሆነ ክትባቱን አድርስና በሰላም ሂድ።»

አባቷ የአሪ ሰው ናቸው። ቡናና እንሰት አላቸው፤ ንብ ያረባሉ፤ በቤተ ክርስቲያናቸውም የተከበሩ ሽማግሌ ነበሩ። ቤታቸው ከጂንካ ወጣ ብሎ መንገዱ ዳር፣ ሁለት ዳገቶች በሚገናኙበት ረባዳ ላይ ነው። በየገበያው ቀን በእግራቸው ወደ ከተማ ሲወጡ ሹፌሩ ይቆምላቸው፣ እጁን ይዘረጋላቸው እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። ጥሩ መንገድ ጠርጓል ብለን ነበር።

ሹፌሩ ጂንካ ውስጥ ዘመድ ስላልነበረው ሽማግሌ ሆነን የሄድነው ሦስት ነን፤ አንድ ቁስል ሲያሽጉ ኖረው ጡረታ የወጡ ድሬሰር፣ አንድ ልብስ ሰፊ፣ እና እኔ። ዕድሜዬ ለሽማግሌነት አይበቃም ነበር። የተመረጥኩት አሪኛ ስለምችልና እምቢ ማለት ስለማልችል ነው። ድሬሰሩ ተዘጋጅተው ነበር የመጡት። ልጁ ኦርቶዶክስ፣ ልጅቷ ጴንጤ ስለሆኑ ክርክሩ ያው በሃይማኖት ነው ብለው ከሁለቱም ወገን የሚነሳውን ጥያቄ ሁሉ ከነመልሱ ይዘዋል። መንገድ ላይ እየተለማመዱ፣ ልብስ ሰፊውን አንዴ ቄስ አንዴ ፓስተር እያደረጉ ነበር የሄድነው።

አባትየው በክብር ተቀበሉን። የተቀቀለ ጎደሬ ከማር ጋር ቀረበ። ድሬሰሩ ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩና ገና ወደ ሃይማኖቱ ሲጠጉ አባትየው እጃቸውን አነሱ።

«እሱን ተዉት» አሉ። «እሱ እግዚአብሔር ፊት የሚታይ ነው፤ ቁጭ ብለን እንነጋገርበታለን። እኔ የማየው መንገድ ላይ የሚታየውን ነው። ልጁ ባለጌ ነው።»

ድሬሰሩ የያዙት ሁሉ ከእጃቸው ወደቀ። «ባለጌ? ኧረ ይህስ አይባልም ወንድሜ። ለሰው ሁሉ የሚቆም ልጅ ነው። ለእርስዎም ሲቆም አይተናል።»

«ይቆማል። እጁንም ያወጣል። እንደምን ዋሉ አባባ ይላል። ሞተሩ ግን አይጠፋም። አንድ ቀን አጥፍቶ ሰላም ብሎኝ አያውቅም። እኔ እናትህ ደህና ናት ወይ ስለው፣ መኪናው ከሥር እንሂድ እንሂድ ይለዋል። ለማን ይመልስ? ለእኔ ነው ለሷ?»

ልብስ ሰፊው ሳቁን በጎደሬ አፈነ። እኔ ነገሩን የማውቀው እኔ ነኝ ብዬ ገባሁበት። «አባባ፣ ንቆዎት አይደለም። መኪናዋ ሞተሪኖ የላትም። ካጠፋት አትነሳም።»

«ካልተነሳችስ?»

«መገፋት አለባት።»

«ማን ነው የሚገፋት?»

«ሰው ነዋ።»

ትንሽ አዩኝ። «እኔ ምንድን ነኝ?» አሉ።

እጄን ወደ ጎደሬው ሰደድኩ። ድሬሰሩም እንዲሁ። አባትየው ድምፃቸውን ሳያነሱ ቀጠሉ። «እዚህ በር ላይ መኪና ጠፍቶበት መሄጃ ያጣ ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ጭቃ የያዘውን ስናወጣ ነው የኖርነው። ይህ ልጅ ግን ከእኛ ዘንድ ምንም እንዳይፈልግ ተጠንቅቆ ያልፋል። ነገ ልጄን ብሰጠው፣ ቤት ቢፈርስበት፣ ሰው ቢታመምበት፣ ኑ ግፉኝ አይልም። ግፉኝ የማይል አማች ምን አደርገዋለሁ? የሚቀጥለው ገበያ ካለፈ ተመለሱ።»

ሹፌሩ ስንነግረው መጀመሪያ የምንቀልድ መሰለው፤ ቀጥሎ ተቆጣ።

«እኔ? ሽማግሌ ላስገፋ?» አለ። «እኔ ባደግሁበት ሰፈር አዛውንት ከኋላ አቁሞ መኪና ያስገፋ ሹፌር በሰፈሩ አይቆምም። የማላጠፋው እኮ እንዳላስቸግራቸው ብዬ ነው። ሰው ማስቸገር ነውር አይደለም እንዴ?»

«አዲስ አበባ ነው» አልኩት። «እዚህ አለማስቸገር ነው ነውሩ።»

«ስለዚህ ጨዋ ለመባል ሰው ማስቸገር አለብኝ?»

«በመጠኑ።»

«መጠኑን ማን ይነግረኛል?»

ይህ ጥሩ ጥያቄ ነበር፤ እስከ ዛሬም አልመለስኩትም። በአደባባይ የምናገረው ግን አንድ ነገር አለ። ሁለቱም ሰዎች ልክ ነበሩ። አንዱ የሰውን ጉልበት አክብሮ አልነካም፤ ሌላው ጉልበቱ ስላልተነካበት ተናቅሁ አለ። ባለጌ ፍለጋ የወጣ ሰው እዚህ ቤት ውስጥ ባዶ እጁን ይመለሳል። ስለዚህ ነገር የሚጽፉ ሰዎች ሁልጊዜ አንድ ጥፋተኛ የሚያገኙት ከየት እንደሆነ ይገርመኛል።

ሹፌሩ እንደ ሹፌር አሰበ። በገበያው ቀን መኪናዋን ከአባትየው ቤት በላይ ካለው ዳገት ጫፍ ላይ አቆማት፤ አጠፋት። በእግሩ ወርዶ አባትየውን መንገድ ላይ አገኛቸው፤ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ጊዜ ወስዶ ሰላምታ ሰጠ። ስለ ንቦቹም ጠየቀ። ከዚያ ተመልሶ ወጣ፣ ፍሬኑን ለቀቀ፣ ላንድሮቨሯ ቁልቁል ስትንደረደር ማርሽ አስገብቶ አስነሳትና እጁን እያውለበለበ አጠገባቸው አለፈ። ቢሮ ሲመጣ ፊቱ እንደ ሰርገኛ ያበራ ነበር።

በማግስቱ ባዶውን ሳጥን ልንመልስ ጤና ጣቢያ ስንሄድ ልጅቷ በር ላይ ጠበቀችን። ሳቋ ቀደማት።

«አባቴ ምን አለ መሰለህ? ‹አሁንም እኔን አላመነም፤ ዳገቱን ነው ያመነው› አለ።»

ሹፌሩ ሳጥኑን መሬት አስቀመጠ።

«ስማኝ» አለችው፤ አሁን አትስቅም። «እሁድ ሽማግሌዎቹ ሲሄዱ አንተ ራስህ ይዘሃቸው ና። በራችን ላይ አቁም። እንዴት እንደምትቆም አንተ ታውቃለህ። አባቴ አንዴ እምቢ ካለ አይመለስም፤ እኔም ከሱ አልወጣም። ይህን አውቀህ ና።»

እሁድ ሄድን። ሲዘንብ ሰንብቶ ስለነበር ረባዳው ጥቁር ጭቃ ሆኗል። ድሬሰሩ ጋቢና፣ እኔና ልብስ ሰፊው ከኋላ። ሹፌሩ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፤ እጅጌው ላይ ያለው መስመር ቢላ ይመስላል። ዳገቱን ስንወርድ ከበሩ በላይ ደረቅ ያለ፣ ትንሽ ዘንበል ያለ ቦታ ነበረ። ሁላችንም አየነው። እሱም አየው። አልፎት ወረደና ልክ በሩ ፊት፣ ሜዳው ላይ፣ ጭቃው ውስጥ አቆማት። እጁ ቁልፉ ላይ ነው፤ መኪናዋ ትንተከተካለች።

«ከጠፋች እዚሁ ነን» አለ ልብስ ሰፊው።

«ዝም በል አንተ» አሉ ድሬሰሩ።

አጠፋት። ላንድሮቨሯ ትከሻዋን እንደሚያራግፍ ሰው ተንቀጥቅጣ ዝም አለች። በዚያ ቤት በር በዚህች መኪና ስንቴ አልፌያለሁ፤ እንሰቱ ላይ ውሃ ሲንጠባጠብ፣ ጓሮ ውስጥ ሰው ከሰው ሲነጋገር የሰማሁት ግን ያን ቀን ነው።

አባትየው ወጡ። መጀመሪያ ያዩት መኪናዋን ነው፤ ጠጋ ብለው ሁሉ አዳመጧት። ከዚያ ሹፌሩን እጁን ይዘው ጠየቁት። እናቱ ደህና ናት ወይ፤ ምን ትሠራለች፤ አባቱ መቼ ሞቱ፤ ወንድም አለው ወይ፤ ወንድሙ ለምን አላገባም። ሹፌሩ ሁሉንም መለሰ። ወንድሙ ለምን እንዳላገባ ሲያስረዳ እንኳ እኔ የማላውቀውን ብዙ ነገር ሰማሁ። እኔ ከዚህ ሰው ጋር ስንት አገር ስዞር ስለ ወንድሙ ጠይቄው አላውቅም ነበር፤ ሞተሩ እያጓራ ማን ስለ ወንድም ይጠይቃል።

ሹፌሩን እንደ ወጉ ውጭ ትተን እኛ ገባን። ሃይማኖቱ ተነሳ፤ ድሬሰሩ በመጨረሻ ቀናቸው። ረጅም ጊዜ ተናገሩ፣ አባትየውም ረጅም ጊዜ መለሱ፣ ሁለቱም የተደሰቱ ይመስሉ ነበር። መልሱን ስንጠብቅ ግን አባትየው ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ። «እናስብበታለን» አሉ። «አሁን ዝናብ መጣ፤ ልጁን እናስነሳው።»

እናስብበታለን ማለት በሽማግሌ አገር ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን። አንገታችንን ደፍተን ወጣን።

አባትየው ወደ እንሰቱ አሻግረው በአሪኛ ተጣሩ። ጎረቤቶች ከየጓሯቸው ብቅ ብቅ አሉ። አባትየው ኮታቸውን አውልቀው አጥሩ ላይ ሰቀሉና ከኋላ በስተግራ ቦታ ያዙ።

«እርስዎ ግን ይተዉ፤ አይሆንም» አሉ ድሬሰሩ።

«ለምን? በሩ የማን ነው?»

ገፋን። ድሬሰሩ ሳይቀሩ ገፉ። ሹፌሩን በመስታወቱ ውስጥ አየዋለሁ፤ ጥርሱን የሚነቅሉለት ይመስላል። ትንሽ እንደተንቀሳቀሰች ማርሽ አስገባ፤ መኪናዋ አንዴ ሳል ብላ ቆመች።

«ቸኮልክ» አሉ አባትየው ከኋላ።

«እሺ አባባ።»

«አባባ፣ መኪና ነድተው ያውቃሉ?» አለ ልብስ ሰፊው ትንፋሹን እየሰበሰበ።

«ነድቼ አላውቅም። ገፍቼ ግን አውቃለሁ። የሹፌር ጠባይ ከኋላ ነው የሚታየው።»

እንደገና ገፋን። ፈጠን አለች፣ ፈጠን አለች፣ ማርሽ ገባ፣ ሞተሩ ተነሳ። የኋላው ጎማ ባለበት ዞረና የረባዳውን ጭቃ አንስቶ ወደኋላ ወረወረው። ከዚያ ላንድሮቨሯ እንደ ወይፈን ፈንጥዛ ወጣች። እኔና ድሬሰሩ ጫማችን ብቻ ነው የተነካው። አባትየው ልክ ጎማው ጀርባ ነበሩ። ከግንባራቸው እስከ እግራቸው ጥቁር ጭቃ ሆነዋል፤ የሚታየው ዓይናቸው ብቻ ነው፤ እሱም አንዱ።

ማንም አልሳቀም። ልጅቷ የቤቱ በር ላይ ቆማ በሁለት እጇ አፏን ይዛለች። ልብስ ሰፊው ፊቱን ወደ እንሰቱ አዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

ሹፌሩ በመስታወቱ አየ። መኪናዋ ተነስታለች፤ ዳገቱ ፊቱ ነው፤ ያ ሁሉ ሰው የደከመው ለዚሁ ነው። ጎረቤቶቹ በእጃቸው ሂድ ሂድ ይሉታል። ድሬሰሩ «ይሂድ፤ እኛ በእግራችን እንከተላለን» ይላሉ። ሹፌሩ ግን ከረባዳው ሳይወጣ አቆመ። ሞተሩን አጠፋ።

«ምነው?» አለ አንድ ጎረቤት በአሪኛ። «ይህ ልጅ ጤነኛ ነው?»

ሹፌሩ እየተንሸራተተ ሮጦ መጣ። መሐረብ ፈለገ፣ አጣ፤ ነጩን ሸሚዙን አወለቀና የአባትየውን ፊት ይጠርግ ጀመር። «አባባ፣ ይማሩኝ» ይላል። «አባባ፣ አላየሁዎትም። ይማሩኝ።» የሚጠርገው ጭቃ ከፊታቸው ወደ ጆሯቸው ይሄዳል እንጂ አይቀንስም።

አባትየው ሸሚዙን ከእጁ ወሰዱና ዓይናቸውን ራሳቸው ጠረጉ። ሹፌሩን አዩት፤ ከትከሻው በላይ ዝም ብላ የቆመችውን መኪና አዩ።

«አጠፋኸው?»

«አጠፋሁት።»

«ይህን ሁሉ ሰው ያለፋውን?»

«ታዲያ ምን ላድርግ፤ እርስዎ እንዲህ ሆነው እንዴት ብዬ ልሂድ?»

አባትየው ለመመለስ አፋቸውን ከፈቱ፤ የወጣው ግን ሳቅ ነው። ከሆዳቸው ነው የሳቁት፤ ጎንበስ ብለው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው። ልጅቷ እጇን ከአፏ ለቀቀች። ልብስ ሰፊው ከእንሰቱ ወደ እኛ ዞረ፤ ጉንጩ በእንባ ርሷል።

«በሉ ግፉ» አሉ አባትየው ሸሚዙን አጥሩ ላይ ኮታቸው አጠገብ እየሰቀሉ። «ለሠርጉ ግን በእግሩ ነው የሚመጣው። ያን ቀን ደህና ልብስ እለብሳለሁ።»

ድሬሰሩ መኪናዋ ላይ ያሳረፉትን እጃቸውን አነሱ። «ሠርጉ አሉ» አሉ ቀስ ብለው፤ ከዚያ ወደ እኛ ዞሩ። «ሰምታችኋል፤ ምስክሮች ናችሁ። ሠርጉ ብለዋል።»

«ብያለሁ» አሉ አባትየው። «አሁን ተናጋሪው ይቀነስና ገፊው ይብዛ።»

ሹፌሩ በካናቴራው መሪው ላይ ተቀመጠ። እኛም ወደየቦታችን ተመለስን። አማቱ ከጎማው ትንሽ ፈቀቅ ብለው ትከሻቸውን ሰጡ።